የጤና አገልግሎት በከተማና በገጠር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኢትዮጵያ የከተማውና የገጠሩ ነዋሪ ሕክምና የሚያገኝበት መንገድ ለምን እንደሚለያይ፣ ልዩነቱ የት ላይ እንደሚብስና የት ላይ እየጠበበ እንደመጣ በተደጋጋሚ ከሚቀርቡት ጥያቄዎች ዋና ዋናዎቹ ከነመልሳቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል። እ.ኤ.አ. የሚል ካልተጨመረበት በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ የለም ወይ? ገጠሩ አሁንም ሕክምና ይቸግረዋል የሚባለው ለምንድን ነው?

ጤና ኬላው በእርግጥ ተሠርቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ እንዲኖር፣ አሥረኛ ክፍል አጠናቀው የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱና በተቻለ መጠን የዚያው አካባቢ ተወላጅ የሆኑ ሁለት ሴቶችም በመንግሥት ደመወዝ እንዲመደቡበት ተወሰነ። ፕሮግራሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱን አብዛኛውን ክፍል ሲያዳርስ፣ ለክትባት ዘመቻ ካልሆነ በቀር የጤና ባለሙያ ደጃቸውን ረግጦ የማያውቅ ቀበሌዎች ቋሚ ባለሙያ አገኙ። ይህን ውጤት ማሳነስ አይገባም።

ሆኖም ጤና ኬላ የተቋቋመው በዋናነት በሽታን ለመከላከል ነው። ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የመጸዳጃ ቤትና የንጽሕና ትምህርት፣ የነፍሰ ጡሮችና የሕፃናት ክትትል የሥራው መሠረት ናቸው። እያደር ባለሙያዎቹ ወባን ከጣት በሚወሰድ ደም መርምረው በኮአርተም ማከም፣ የሕፃናትን የሳንባ ምችና ተቅማጥ ማከም፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ማስገባት ጀምረዋል። ሕመሙ ትርፍ አንጀት፣ ስብራት ወይም አልወርድ ያለ ምጥ ሲሆን ግን ጤና ኬላው ማድረግ የሚችለው ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ብቻ ነው። በሪፖርት ላይ «የጤና ሽፋን» እየተባለ የሚቀርበው ቁጥር ሕንጻውን የሚቆጥር በመሆኑ፣ አንድ ቀበሌ ሽፋን አገኘ ተብሎ ከተመዘገበ በኋላም ለከባድ ሕመም የሚደረግለት ነገር ከቀድሞው ብዙም ላይለወጥ ይችላል። ልዩነቱን መለካት ያለብን ሕመምተኛው ከቤቱ ተነሥቶ የሚያስፈልገውን ሕክምና እስኪያገኝ በሚያልፍበት መንገድ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው ይህን መንገድ የሚከተሉ ናቸው።

የሕክምናው እርከን እንዴት ተዋቅሯል?

በሦስት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ይይዛል። በዕቅዱ መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግሉ ይጠበቃል። ሁለተኛው ደረጃ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሰው የሚያገለግለው አጠቃላይ ሆስፒታል ሲሆን፣ ሦስተኛው ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው የሚታከምበት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

በከተማ የጤና ኬላ እርከን የለም። አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ እስከ 40,000 ሰው እንዲያገለግል ታቅዷል፤ በቁጥር ብቻ ካየነው የከተማው ጤና ጣቢያ የበለጠ የተጨናነቀ ነው ማለት ነው። ነገር ግን የከተማው ነዋሪ ጤና ጣቢያው ካልተመቸው በእግር ርቀት የግል ክሊኒክ፣ ቀጥሎም ሆስፒታል ያገኛል። የገጠሩ ነዋሪ ከጤና ጣቢያው ካለፈ የሚቀጥለው ምርጫ የወረዳው ወይም የዞኑ ከተማ ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲገለጽ ምን ይመስላል?

በጤና ተቋም መውለድ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ምክንያቱም መንገዱም፣ ገንዘቡም፣ ባለሙያውም በአንድ ቀን አብረው መገኘት አለባቸው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በከተማ ከተወለዱት ሕፃናት 79 በመቶ የሚሆኑት በጤና ተቋም ሲወለዱ፣ በገጠር ግን 20 በመቶው ብቻ ነበሩ። በአዲስ አበባ ይኸው ቁጥር 97 በመቶ፣ በአፋር 15 በመቶ ነበር። መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱ ሕፃናትም በከተማ 65 በመቶ፣ በገጠር 35 በመቶ ነበሩ።

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው የዚሁ ጥናት አነስተኛ ቅጂ የገጠሩ በተቋም የመውለድ ድርሻ ወደ 40 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። በሦስት ዓመት ውስጥ እጥፍ መሆኑ በእርግጥ የሚያበረታታ ነው። በዚያው ጥናት የከተማው 70 በመቶ መሆኑ ግን ብዙ አልተነገረለትም፤ ሁለቱን ጥናቶች ነጥብ በነጥብ ማነጻጸር ጥንቃቄ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ የከተማው ድርሻ በራሱ እያደገ እንደሚሄድ የሚታሰበው ሐሳብ እንደገና መታየት እንዳለበት ያመለክታል።

ልዩነቱ በወላድ እናቶች ላይ የሚበረታው ለምንድን ነው?

ምጥ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ችግር ከገጠመም ለመፍትሔ ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። የጤና ባለሙያዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሉት አገላለጽ ጉዳዩን በሚገባ ያስረዳል፤ እነሱም ለመሄድ በመወሰን፣ መንገድ ላይ፣ እንዲሁም ተቋሙ ከደረሱ በኋላ የሚገጥሙ መዘግየቶች ናቸው።

በደቡብ ጎንደር ላይ ጋይንት ወረዳ፣ ከነፋስ መውጫ ራቅ ብሎ ከገደል ማዶ ባለ ቀበሌ የምትኖር ወላድ እናስብ። ምጡ ሌሊት ይጀምራል። ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም ማርያም» እያሉ ያበረታቷታል፣ የልምድ አዋላጅ ትጠራለች፣ አማቷም እሷ ራሷ ልጆቿን ሁሉ እዚያው ቤት እንደወለደች እያነሣች እስኪነጋ እንጠብቅ ትላለች። ባልየው በበኩሉ ከብቱን ማን እንደሚጠብቅለት፣ ለመንገድ የሚሆን ብር ከማን እንደሚበደር ያስባል። ይህ የመጀመሪያው መዘግየት ነው። ብዙ ጊዜ «የግንዛቤ ማነስ» እየተባለ በአጭሩ ይታለፋል፤ የ2003 ዓ.ም. ጥናትም ቤታቸው የወለዱ እናቶች በዋናነት የሰጡት ምክንያት በተቋም መውለድ አያስፈልግም ወይም ልማዳችን አይደለም የሚል እንደነበር መዝግቧል። ይሁን እንጂ መሄጃው በማይታሰብበት ቦታ የሚኖር ሰው «አያስፈልገኝም» ሲል፣ መልሱ ከእውቀት ማጣት ይልቅ ከአማራጭ ማጣት የመጣ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ሲነጋ በቃሬዛ ትነሣለች። ቃሬዛው ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና በገመድ ወይም በጠፍር ተጠላልፎ፣ ጋቢ ተነጥፎበት የተዘጋጀ ነው፤ ወንዶቹ አቀበቱን በአራት በአራት እየተቀባበሉ ይሸከሟታል። በብዙ የአማራ አካባቢዎች ቃሬዛ መሸከም እንደ ቀብር ሁሉ የቅሬው ወይም የእድሩ ግዴታ ስለሆነ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ይቀጣል። መኪና የሚገባበት መንገድ ላይ ሲደርሱ ለአምቡላንስ ይደወላል። አምቡላንሱ አንድ ለወረዳው ከሆነ በዚያው ሰዓት በወረዳው ሌላ ጫፍ ሊሆን ይችላል፤ ጎማ ወይም ነዳጅ አጥቶ ቆሞም ሊሆን ይችላል።

ጤና ጣቢያ ስትደርስ አዋላጇ ነርስ ምጡ እንደማይወርድ አይታ ሪፈር ትጽፋለች። የተላከችበት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ቢሆንም የማደንዘዣ ባለሙያው ከሌለ ወይም ደም ከጠፋ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ካለፈ ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ትላካለች። እያንዳንዱ ሪፈር በወረቀት ላይ አንድ መስመር ሲሆን በመንገድ ላይ ግን ሰዓታት ነው።

በአዲስ አበባ የምትወልድ እናትም ሦስቱን መዘግየቶች ታልፋለች፤ ሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ በደቂቃ የሚለኩ ናቸው። ሦስተኛው እሷንም ይነካታል፤ «አልጋ የለም» ተብላ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላው የምትዞር ወላድ በከተማውም አለች።

የተራዘመ ምጥ እናቲቱን ባይገድላት እንኳ ፌስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወይም ሰገራ ያለ ቁጥጥር የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ትቶባት ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተከፈተው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ከጊዜ በኋላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላትን የከፈተው፣ ታካሚዎቹ በአብዛኛው ከእነዚህ ከተሞች ርቀው ከሚገኙ ገጠሮች የሚመጡ ስለነበሩ ነው።

የእናቶች ማቆያ ምንድን ነው? ይጠቅማል?

ነፍሰ ጡሯ የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ ሆስፒታሉ ግቢ መጥታ ምጧ እስኪመጣ የምትቆይበት ቤት ነው። በአገራችን ቀደምት ከሆኑት አንዱ በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የከፈተው ማቆያ ነው። ዘዴው ሁለተኛውን መዘግየት፣ ማለትም የመንገዱን፣ አስቀድሞ ያስወግዳል፤ ስለሆነም ለሩቅ ቀበሌዎች ከአምቡላንስም የተሻለ አስተማማኝ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

የሚሠራው ግን ቤቱ ስለተሠራ ብቻ አይደለም። እናቲቱ ምን እንደምትበላ፣ ልጆቿን ማን እንደሚይዝላት፣ አጃቢዋ የት እንደሚያድር ካልታሰበ ክፍሉ ባዶውን ይውላል። ኅብረተሰቡ እህል አዋጥቶ፣ ማብሰያ ዕቃ ተሟልቶ፣ ከወለደች በኋላም ገንፎ የሚገነፋበትና ቡና የሚፈላበት ቦታ የተዘጋጀላቸው ጤና ጣቢያዎች እናቶችን መሳብ የቻሉት አራስ በቤቷ የምታገኘውን ክብር እዚያም ስለምታገኝ ነው።

ወሊድ በነጻ ከሆነ የገጠሩ ሰው ምን ይከፍላል?

በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና ክፍያ አይጠየቅባቸውም። ለሌላ ሕመም የሚጠየቀው የካርድና የላብራቶሪ ክፍያም ከግል ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። የገጠሩን ሕመምተኛ የሚያራቁተው ወጪ አብዛኛው ደረሰኝ የማይቆረጥለት ነው።

አንድ ገበሬ ለቀዶ ሕክምና ወደ ክልል ከተማ ተልኮ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም። ቢያንስ አንድ አስታማሚ፣ አንዳንዴም ሁለት አብረውት ይሄዳሉ፤ አንዱ አልጋው አጠገብ ሲሆን ሌላው መድኃኒትና ምግብ ፍለጋ ይዞራል። የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ለሦስት ሰው ይታሰባል። ቀጠሮው ለሳምንት ከተራዘመ በሆስፒታሉ በር አካባቢ ካሉት ርካሽ አልጋ ቤቶች አንዱን ይይዛሉ፣ ወይም ዘመድ ቤት ያርፋሉ፣ ወይም ኮሪደር ላይ ጋቢ አንጥፈው ያድራሉ። በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ጓንት ወይም የታዘዘው መርፌ ሲጠፋ «ከውጭ ግዙ» ይባላሉ፤ ከተማውን ስለማያውቁ የትኛው መድኃኒት ቤት እንደሚረክስ አይለዩም። አዲስ አበባ ቢሆን ነዋሪው የከተማው አስተዳደር ወደሆነው ከነማ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ዋጋ ያመዛዝናል። በዚህ ሁሉ ላይ ወቅቱ የእርሻ ወይም የአጨዳ ከሆነ በማሳው ላይ የሚቀረው ሥራ ይታከላል። በሬ የሚሸጠው፣ መሬት የሚከራየው በአብዛኛው ለእነዚህ ወጪዎች ነው፤ ለሐኪሙ የሚከፈለው ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ሊሆን ይችላል።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ይህን አይሸፍንም ወይ?

በከፊል ይሸፍናል። መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተስፋፋ። የታሰበው ለአርሶ አደሩና በከተማ በመደበኛ ሥራ ላልተቀጠረው ነዋሪ ነው። ምዝገባው በቤተሰብ ሲሆን መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ በገጠር አብዛኛውን ጊዜ አዝመራው ከገባ በኋላ ይሰበሰባል። መክፈል ለማይችሉ የድሃ ድሃ ተብለው ለተለዩ ቤተሰቦች ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉላቸዋል።

አባል የሆነ ሰው ውል ባለው ተቋም ሲታከም የምርመራና የመድኃኒት ክፍያ አይጠየቅም። መድኅኑ ብዙ ቤተሰቦችን ሕመሙ ሳይጠናባቸው እንዲታከሙ ማስቻሉ አያጠራጥርም። የማይሸፍነው ግን ከላይ የተዘረዘረውን ነው፤ ማለትም ትራንስፖርቱን፣ ማደሪያውን፣ የአስታማሚውን ምግብና የባከነውን የሥራ ቀን። መነጽር፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና እና ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምናም በጥቅሉ ውስጥ የሉም። በተጨማሪም በጤና ጣቢያው ወይም በሆስፒታሉ መድኃኒቱ ከሌለ የአባልነት ደብተር መያዙ ብቻ ፋይዳው ያነሰ ይሆናል፤ በየዓመቱ አባልነታቸውን የማያድሱ ሰዎች ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሣል።

አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። አባሉ በቅድሚያ ወደ ተመደበበት ጤና ጣቢያ ሄዶ የሪፈር ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄደ፣ ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር መድኅኑ እንደ ደንቡ ላያገለግለው ይችላል።

ሐኪሞች ገጠር ተመድበው ለምን አይቆዩም?

መመደቡማ ይመደባሉ። የሚለቁበት ምክንያት ብዙ ሰው እንደሚያስበው የአገር ፍቅር ማነስ አይደለም። መኖሪያ ቤት የለም፣ ለልጆች ደኅና ትምህርት ቤት የለም፣ መብራትና ውኃ ይቆራረጣል። ከተማ ያለ ሐኪም ከመደበኛ ሥራው ውጭ በግል ክሊኒክ ሠርቶ ደመወዙን ይደጉማል፣ የስፔሻሊቲ ትምህርት ዕድልንም በቅርብ ይከታተላል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስመርረው የተማረውን መሥራት አለመቻሉ ነው፤ ኤክስሬይ በሌለበት ስብራት፣ ደም በሌለበት ቀዶ ሕክምና ፊት የቆመ ወጣት ሐኪም በመጨረሻ የሪፈር ጸሐፊ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ የተገኘው ዘላቂ መፍትሔ ከሐኪም ውጭ ካሉ ባለሙያዎች የመጣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክን ዓላማው አድርጎ ተነሣ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ደግሞ የጤና መኮንኖች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በማስተርስ ደረጃ መሠልጠን ጀምረዋል። ዛሬ በብዙ የወረዳ ሆስፒታሎች ሌሊት ቀዶ ሠርቶ እናትና ልጅን የሚያተርፈው ስፔሻሊስት ሐኪም ሳይሆን ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ነው። ለገጠሩ ያደረጉት አስተዋፅዖ ከሚነገርላቸው በላይ ነው ብሎ መናገር ማጋነን አይሆንም።

ካንሰርና የመሳሰሉት ሕመሞችስ?

እዚህ ላይ ልዩነቱ በከተማና በገጠር መካከል ብቻ መሆኑ ቀርቶ በአዲስ አበባና በተቀረው አገር መካከል ይሆናል። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሞያሌም፣ ከጋምቤላም፣ ከሑመራም የሚመጣው ታካሚ እዚያው ወረፋ ይጠብቅ ነበር። በቅርብ ዓመታት ጅማና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች አገልግሎቱን መጀመራቸው ጫናውን ያቃልላል። ቢሆንም የጨረር ሕክምና ለሳምንታት በተከታታይ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ከገጠር የመጣ ታካሚ ዋና ጥያቄ ማሽኑ መኖሩ ሳይሆን እነዚያን ሳምንታት የት አድሮ ምን በልቶ እንደሚጨርስ ነው።

ብዙ ጤና ተቋማት እምብዛም የማያውቁት የገጠር ሕመም አለ?

አለ፤ ካላዛር ጥሩ ምሳሌ ነው። ከደጋው የሚነሡ የቀን ሠራተኞች ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ቆላ ይወርዳሉ። እዚያ ሜዳ ላይ ሲያድሩ በአሸዋ ዝንብ ይነደፋሉ። በሽታው የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ወደ ደጋ ከተመለሱ በኋላ ነው፤ የማይለቅ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ ይታያል። በቆላው ያሉ ጤና ተቋማት ምልክቱን ቶሎ ይጠረጥራሉ፤ በሠራተኛው አገር ያለው ጤና ጣቢያ ግን በሽታውን እምብዛም ስለማያየው መጀመሪያ የወባ፣ ቀጥሎም የታይፎይድ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ሕክምናው ለ17 ቀናት በሚሰጥ መርፌ የሚከናወን ሲሆን፣ ጎንደር፣ መተማና አብደራፊን በመሳሰሉ ጥቂት ቦታዎች ይሰጣል። ስለዚህ ከቆላ ሥራ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው የት ሠርቶ እንደመጣ ለባለሙያው ሳይጠየቅም መናገር አለበት።

አርብቶ አደሩስ እንዴት ይታከማል?

ውኃና ሣር ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ ሕዝብ ቋሚ ጤና ኬላ ብቻውን አይበቃም። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድኖች ተሞክረዋል፤ ክትባት፣ የእናቶች ክትትልና ቀላል ሕክምና ይዘው ወደ ሰፈሩበት ይሄዳሉ። ደካማ ጎናቸው በጀታቸው በአብዛኛው ከድርቅና ከአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ዕርዳታው ሲያልቅ መቋረጣቸው ነው።

ከተማ የሚኖር ሁሉ ሕክምና በቀላሉ ያገኛል?

አያገኝም። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ግንባታ ላይ የሚያድር የቀን ሠራተኛ፣ ቤት ተከራይቶ በየዓመቱ ሰፈር የሚቀይር ቤተሰብ ሆስፒታሉን በየቀኑ እያዩ ላይታከሙ ይችላሉ። የጤና መድኅን ምዝገባም ሆነ የነጻ ሕክምና ማስረጃ የነዋሪነት መታወቂያ ስለሚጠይቅ ከገጠር የመጣ ሰው በመጣበት ቀበሌም፣ በሰፈረበት ወረዳም ሳይመዘገብ ይቀራል። ከሥራ ፈቃድ ማግኘትም ሌላው ችግር ነው፤ የጤና ጣቢያው ተመላላሽ ክፍል የሚሠራው የቀን ሠራተኛው እንጀራውን ለማግኘት በሚሠራበት ሰዓት ነው። በ2001 ዓ.ም. በከተሞች የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነርሶችን ወደ ቤት ለቤት ጉብኝት ያሰማራው ይህን ክፍተት በማየት ነበር። ቀን ቤቱ የማይገኘውን ሰው ግን ነርሷም አታገኘውም። በገጠርና በከተማ አማካይ ቁጥሮች መካከል ብቻ የሚደረግ ንጽጽር የከተማውን ድሃ ከከተማው ባለጸጋ ጋር ደባልቆ ስለሚቆጥረው እነዚህ ሰዎች አይታዩም።

መንገድና ስልክ ልዩነቱን አያጠቡትም?

መንገዱ ብዙ ረድቷል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎች ከዋና መንገድ ጋር ተገናኝተዋል። ጥገና ካልተደረገለት ግን የጠጠር መንገድ ከጥቂት ክረምት በላይ አይቆይም፤ ወረርሽኝና የወባ ወቅት ደግሞ ክረምቱን ተከትሎ ይመጣል። ስልክ አምቡላንስ ለመጥራትና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አዋላጅ ነርስን እንድታማክር አስችሏል። በስልክ ሐኪም ማማከር ግን ለክትትል ይጠቅም ይሆናል እንጂ ቀዶ የሚያስፈልገውን ሰው አያድንም። የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ጤና ተቋማትን ካወደመና ካዘረፈ በኋላ ብዙ አካባቢዎች በመንገድም በመድኃኒትም ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና መጀመር ነበረባቸው።

ጤና ኬላዎቹ ወደፊት ምን ይሆናሉ?

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2035 የሚዘልቀው የጤና ኤክስቴንሽን ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ ሁሉንም ጤና ኬላዎች አንድ ዓይነት አድርጎ ማየቱን አስቀርቷል። ከጤና ጣቢያ የራቁት አዋላጅ ነርስና ሌላ ባለሙያ ተጨምሮላቸው የማዋለድና የማከም ሥራ እንዲሠሩ፣ ለጤና ጣቢያ የቀረቡት ደግሞ ከጤና ጣቢያው ጋር እንዲቀናጁ ያቅዳል። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው፤ ዕቅዱን የሚወስነው ግን ለሩቁ ጤና ኬላ የሚመደበው አዋላጅ መኖሪያ ቤት ያገኛል ወይስ አያገኝም የሚለው ጥያቄ ይሆናል።

ከገጠር ዘመድ ለሕክምና ሊመጣ ነው። እኔ በከተማ ወይም በውጭ አገር ሆኜ ምን ላግዝ?

ብዙ ሰው ገንዘብ የሚልከው ሕመሙ ከጠና በኋላ ለግል ሆስፒታል ነው። አስቀድሞ የቤተሰቡን የዓመት የጤና መድኅን መዋጮ መክፈል ከዚያ በጣም ያነሰ ወጪ ይጠይቃል፤ በውጭ የሚኖር ልጅ ለእናት ለአባቱ ሊያደርገው ከሚችለው ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው።

ዘመድዎ ሲነሣ የሪፈር ወረቀቱን፣ የመድኅን ደብተሩን፣ መታወቂያውንና ቀድሞ የተሠሩ የላብራቶሪና የራጅ ውጤቶችን ሁሉ ይዞ እንዲመጣ ይንገሩት። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ያምጣ፤ «ነጭ ክኒን» የሚል ገለጻ ለሐኪሙ አይጠቅመውም። የሪፈር ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፣ ምክንያቱም ካርድ ክፍል ከገባ በኋላ ተመልሶ ላይገኝ ይችላል። ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ደም ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ዘመድዎ አማርኛ የማይናገር ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ሰው አብሮት ሐኪሙ ዘንድ ይግባ።

ሕክምናው ሲያልቅ ደግሞ ላኪው ጤና ጣቢያ የሚያነበው የመልስ ወረቀት እንዲጻፍለት ይጠይቁ። ወረቀቱ የተሠራውን፣ የታዘዘውን መድኃኒትና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከያዘ፣ ለግፊትና ለስኳር የመሳሰሉት ክትትሎች በጤና ጣቢያው ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ ካልያዘ ዘመድዎ ለአንድ ወር ክኒን ሲል ብቻ ያንኑ መንገድ እንደገና ይመጣል።